ሽቦው የወደቀበት ሰንበት

አባቴ አንድ ቦታ አያርፍም። ላጋንን ብዬ አይደለም፤ ምሳ እየበላ ራሱ አንድ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቁንጫ አለብህ እንዴ?» ትለው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ መሥመር ጠጋኝ ሆኖ ሠራ። ምሰሶ ላይ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ሰው ጡረታ ሲያስወጡት መሬት ላይ መኖር አቃተው። እኔ ቤት ይመጣና ያልላላውን ብሎን ያጠብቃል፤ የማይንጠባጠበውን ቧንቧ ይፈታል፤ ከዚያ ቧንቧው መንጠባጠብ ይጀምራል። በዚህ ጉዳይ ስንቴ ተጣልተናል!

ሰፈሩ «ጋሼ ሽቦ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ግን በደመወዙ ሥራ ሳይሆን በአርብ ሥራው ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ አይሁድ በሰንበት፣ ከአርብ ፀሐይ መግቢያ እስከ ቅዳሜ ምሽት፣ ሥራ አንሠራም፤ እሳት አናነድም፣ አንጽፍም፣ ቋጠሮ አንቋጥርም። ሰው ሲሰማ የሚገርመው ግን የመሸከሙ ነገር ነው። ከቤት ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ቤት ምንም ነገር ይዘን አናልፍም። ምንም ስል ምንም ነው፤ ቁልፍ፣ መሐረብ፣ ጃንጥላ፣ ሕፃን ልጅ። በገዛ ግቢህ ውስጥ ግን እንደ ልብህ ትይዛለህ። የጥንት ሊቃውንት ታዲያ መላ አበጁለት። ሰፈሩን ዙሪያውን ምሰሶ አቁመህ ሽቦ ብትዘረጋበት፣ በሕጉ ዓይን ሁሉም አንድ ግቢ ይሆናል፤ አንድ ግቢ ከሆነ ደግሞ መሸከም ይቻላል። ሽቦው ከራስ በላይ ስለሚያልፍ የማያውቅ ሰው ከስልክ ሽቦ አይለየውም። ባሌ ሲቀልድ «ያለ ግድግዳ ቤት የሠራን ሕዝብ እኛ ብቻ ነን» ይላል።

አንድ ቦታ ከተበጠሰ ግን ግቢው በሙሉ ፈረሰ ማለት ነው። ስለዚህ አርብ አርብ አንድ ሰው ዙሪያውን ሄዶ ማየት አለበት። ያ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴ ነው። ከዳቦ ቤቱ ጥግ ይነሣል፤ የትምህርት ቤቱን አጥር ተከትሎ ወደ ድልድዩ ይወርዳል፤ ከድልድዩ መኪና ማጠቢያውን አልፎ በእንጨት መጋዘኑ ጀርባ ይዞራል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ወደ ሰማይ አንጋጦ ስለሚሄድ ሁለት ጊዜ ጉድጓድ ገብቷል፤ አንዴ ደግሞ ከአንዲት ላም ጋር ተጋጭቶ ይቅርታ ጠይቋታል። ሲጨርስ ለረቢያችን ይደውልና «ደህና ነው» ይላል። ሁለት ቃል፣ በቃ። ረቢው ከምኩራቡ በር ላይ አረንጓዴ ወረቀት ይለጥፋል፤ ሰፈሩም አምኖ ይሸከማል።

እውነቱን ልናገር? ያንን ሽቦ እጠላው ነበር። ሰንበት ጠዋት መንገዱን ሞልተው የሚሄዱት የሕፃን ጋሪዎች ሁሉ የሚሄዱት አባቴ አርብ ዕለት ስለደከመ ነው። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከባሌ ጎን እጄን እያወዛወዝኩ ወደ ምኩራብ ሄድኩ። ጋሪ የሚገፉት ሴቶች ክፉዎች አይደሉም። «አይዞሽ፣ እሱ የፈቀደ ዕለት» ይሉኛል። ያቺ «አይዞሽ» ከስድብ ትብሳለች፤ የቀመሳት ያውቃታል። አንድ ቀን አባቴ ላይ ጮህኩበት፤ «ለሰው ልጅ ሁሉ መንገድ ታበጃለህ፣ ለእኔ ምን አለኝ?» አልኩት። በማግስቱ መጥቶ የኩሽናዬን በር ማጠፊያ ቀየረልኝ። ማጠፊያው ምንም አልነበረበትም።

በዘጠነኛው ዓመት መጨረሻ ወንድ ልጅ ወለድኩ። በሰንበት ቀን፣ ልክ ጠዋት ላይ።

ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ ከአባታችን ከአብርሃም ጀምሮ የመጣ ኪዳን ነው፤ ቀኑ ሰንበት ላይ ቢውል እንኳ አይዘለልም። ስሙም ያኔ ነው የሚወጣለት። የእኛም ስምንተኛ ቀን ሰንበት ላይ ዋለ። ከጠዋቱ ጸሎት መሃል፣ ሰው ሁሉ ባለበት በምኩራብ እንዲሆን ተስማማን። ልጁን ከቤት እስከ ምኩራብ ተሸክሞ የመውሰዱ፣ ኋላም ጉልበቱ ላይ አድርጎ የማስገረዙ ክብር የአባቴ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያንን መንገድ በሐሳቤ ስመላለስበት ነበር። አባቴ ከፊት ልጁን ይዞ፣ እኔ ከኋላው፤ ጋሪ የሚገፉት ሁሉ ቆመው ሲያዩን። አዎ፣ እንዲያዩኝ ፈልጌ ነበር! ዘጠኝ ዓመት አይተውኝ የለ?

አርብ ቤታችን የገበያ ቀን መሰለ። በሰንበት ምግብ ስለማይሠራ የድግሱ ዓሣ፣ ዳቦና ኬክ ሁሉ በጊዜ ተሠርቶ ወደ ምኩራቡ አዳራሽ ተላከ። ከሰዓት በኋላ ገራዡ ልጁን ሊያየው መጣ። ቀጭን፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ነው። ቤቱ ከድልድዩ ማዶ፣ ከሽቦው ውጭ ስለሆነ በሰንበት ቦርሳውን ይዞ መምጣት አይችልም። ስለዚህ ቢላውንና ዕቃውን በሙሉ እኛ ዘንድ ተወው፤ «ጠዋት ከልጁ ጋር ታመጡልኛላችሁ» አለ። ልጁ ትንሽ ቢጫ መሰለኝ ብዬ ስነግረው ግን ወደ መስኮቱ ወስዶ ያገላብጠው ጀመር። የታመመ ልጅ እስኪሻለው አይገረዝም። ባሌ ደንግጦ ለአባቴ ደወለ፤ «ቶሎ ና፣ ገራዡ ልጁን እያየው ነው» አለው። እንዲህ ተብሎ ይደወላል? ወንዶች!

አባቴ በሩጫ መጣ፤ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ሲደርስ ገራዡ ጨርሶ «ይሄ አንበሳ ነው፣ ምንም የለበትም» እያለ ነበር። አባቴ ልጁን ሳመው፣ ገራዡን ሳመው፣ ባሌን ሳመው። ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ከኩሽናዬ ስልክ ለረቢው ደወለ። «ደህና ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ሻማዬን አበራሁ፤ ወንዶቹ ወደ ምኩራብ ሄዱ። አባቴ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ከጸሎት ሲመለስ ለእራት ተቀመጠ፤ ባሌ ወይኑን ባረከ፣ ዳቦ ቆረሰ፣ ዘመርን። አባቴ አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ ድምፁ አይወጣም። ወደ ጠረጴዛው ሥር አየሁ። እግሩ አይንቀሳቀስም። ያን ጊዜ ፈራሁ። «አሞሃል እንዴ አባዬ?» አልኩት። «ደክሞኝ ነው ልጄ» አለና ሳህኑን ሳይነካ ተነሥቶ ሄደ።

ጠዋት ከማንም ቀድሞ መጣ። ልጁን ነጭ አልብሼው፣ ባሌ ጫማውን ሲያደርግ፣ አባቴ «እስቲ ወደ ኩሽና ነይ» አለኝ። በሩን ዘጋው።

«ልጄ፣ ሽቦው ወድቋል።»

«የቱ ጋ?»

«ከእንጨት መጋዘኑ ጀርባ። የጭነት መኪና ሳይጎትተው አይቀርም፤ መሬት ላይ ተኝቷል።»

«መቼ አየኸው?»

«ትናንት፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ።» በሰንበት ቋጠሮ አይቋጠርም፤ ፀሐይ ከገባች ወዲያ ያንን ሽቦ ሊያነሣው የሚችል ሰው አልነበረም ማለት ነው።

«ታዲያ ለረቢው ደህና ነው ያልከው…?»

«እዚያ ሳልደርስ ነው የደወልኩት።» ዓይኑን ከወለሉ ላይ አላነሣም። «ስትጠሩኝ ከመኪና ማጠቢያው ተመለስኩ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ጥግ አንድም ቀን ተበጥሶ አያውቅም፤ ዛሬ ምን ይሆናል ብዬ ነው። ከደወልኩ በኋላ አንዳች ነገር ይበላኝ ጀመር። ወደ ጸሎት ስሄድ ዞሬ አየሁት።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አባቴ ማታውኑ ለረቢው ነግሮት ነበር። ረቢው ጢሙን እየጎተተ አስቦ፣ «ለማንም አትናገር» አለው። «ሕዝቡ አሁን የሚሸከመው ሳያውቅ ነው። ብትናገር ግማሹ እያወቀ ይሸከማል። ሳያውቁ መሳሳት እያወቁ ከማጥፋት ይሻላል፤ ይህን ሊቃውንቱም ብለውታል።» አባቴ «እኔስ?» ሲለው፣ «አንተማ ታውቃለህ» አለው።

«ታዲያ ባሌ ይሸከመው!» አልኩት። «እሱ እንደሆነ አያውቅም። ወገቤን አሞኛል በል።»

«ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ አደርኩ። እኔ እያወቅኩ ባልሽን ሳያውቅ ላሳስተው? በልጁ የኪዳን ቀን?» ከዚያ ያልጠበቅኩትን ተናገረ። «አንቺ ግን ተሸከመው ካልሽኝ፣ እሸከመዋለሁ። ለማንም ትንፍሽ አልልም። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሽው ነገር ነው፤ ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን።»

አባቴ እንዲህ አለ! ሽቦ የሌለበት አገር ለእንግድነት ሲሄድ መሐረቡን እንኳ ኪሱ አይከትም፤ በአንገቱ ላይ እንደ ልብስ ያስረዋል። አንድ ሰንበት መንገድ ላይ ኪሱ ውስጥ የከረሜላ ወረቀት ቢያገኝ፣ የሚያደርገው ጠፍቶት ላብ ያጠመቀው ሰው ነው። በሕይወቱ ከእግዚአብሔር ጋር አንድም ቀን ሲደራደር አላየሁትም።

ደሜ ፈላ። በእሱ ተናደድኩ፣ በባሌ ስልክ ተናደድኩ፣ በጭነት መኪናው ተናደድኩ። ለሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሁሉ ልጅ ባለፈበት መንገድ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ! አፌን ከፈትኩ። አልዋሽም፤ «ተሸከመው» ልለው ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

እሱ ደግሞ ቃሌን ሳይሰማ እጁን ዘርግቶ ነበር። ልጅ ሲሰጡት እንደሚቀበል ሰው ሁለት መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ቆሟል። ያኔ እንደሚያደርገው ገባኝ። ካልኩት ያደርገዋል። ተሸክሞት ይሄዳል፣ ሰው እልል ይላል፣ እሱ ፈገግ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የማውቀው አባቴ ከዚያ መንገድ ላይመለስ ይችላል።

«ልጁ ከዚህ ቤት አይወጣም» አልኩት። «ቢላውም እዚህ ነው ያለው። ሰዎቹ ይምጡ።»

«ምን ብዬ ልጥራቸው?»

«እውነቱን ብለህ ነዋ!» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ነቅቶ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ።

ባሌ ነገሩን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። ታች የሚኖረው የታክሲ ሹፌር ሃይማኖቱ ሌላ ነው፣ እሱ ይሸከምልን ብሎ ሊያንኳኳ ወረደ፤ ሹፌሩ ግን ጎህ ሲቀድ ሥራ ወጥቷል። ከዚያ ባሌ የአባቴን ክንድ ያዘና ተያይዘው ወደ ምኩራብ ሄዱ፤ እኔ ከልጄ ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

በምኩራቡ የሆነውን ባሌ ነው የነገረኝ። ኦሪቱ ሊነበብ ሲል አባቴ ወደ መድረኩ ወጣ። ረቢው ተው ብሎ በእጁ ጠቀሰው፤ እሱ ግን አላየውም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። «ትናንት ደህና ነው ያልኩት ውሸት ነው» አለ። «መጋዘኑ ጋ አልደረስኩም። ሽቦው ወድቋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የልጅ ልጄን ላይ ብዬ ቸኮልኩ። ልጁ ከቤት ሊወጣ አይችልም፤ ኪዳኑ እዚያው ቤት ነው የሚሆነው። የሚመጣ ቢኖር…» አለና ከመድረኩ ወረደ።

ወዲያው ኪስ ሲራገፍ ተሰማ። ቁልፍ፣ መነጽር፣ ሶፍት፣ የሳል ከረሜላ፤ ሁሉም በየወንበሩ ላይ ተደረደረ። ከሴቶቹ በኩል መንታ የወለደችው የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ብድግ አለች፤ «እኔስ ምን ልሁን? ልጆቼን እዚሁ ትቻቸው ልሂድ?» አለች። ረቢው «አንቺም እዚሁ ትቆያለሽ፣ ሰንበት እስኪወጣ» አላት። ልጅ ይዘው የመጡት አሥራ አራት እናቶች ነበሩ። አሥራ አራቱም ከነልጆቻቸው ምኩራብ ውስጥ ታገቱ! ድግሳችንም እዚያው ታግቶ ስለነበር እነሱ ቁጭ ብለው በሉት። የመንታዎቹ እናት ዓመት ሙሉ አባቴን ሰላም አላለችውም፤ ዓሣው ግን ጣፋጭ እንደነበር ለሰው ሁሉ ተናግራለች።

ኋላ ሽቦውን ከአባቴ ወስደው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋሙለት። በመጀመሪያው አርብ ዘነበ፤ ሦስቱም አንዱ ሄዷል ብለው ቤታቸው ዋሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሥራው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

እኔ ግን ያን ሰዓት ይህን ሁሉ አላውቅም። ልጄን ታቅፌ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እላለሁ። አንድ ሰዓት አለፈ። አይመጡም አልኩ። በገዛ ጥፋታችን ሰንበታቸውን አበላሽተንባቸው ደግሞ ኑልን እንላለን! ከመቼ ወዲህ ነው ሰው እንዲህ ደግ የሚሆነው? ቀኑ ያለ ግርዛት ቢያልፍስ? ልጁ ስም ሳይወጣለት ሊያድር ነው። የገራዡን ቦርሳ ከጠረጴዛው ወደ መደርደሪያው፣ ከመደርደሪያው መልሼ ወደ ጠረጴዛው አዛወርኩት።

ከዚያ ከመንገዱ ጫፍ ነጭ ነገር አየሁ። የጸሎት ሻላቸውን እንደ ካባ ደርበው የሚመጡ ወንዶች ነበሩ፤ በእጅ መያዝ ባይቻል መልበስ ይቻላላ። ገራዡ ከፊት፣ አባቴና ባሌ መሃል፣ ረቢው ከሁሉም ኋላ አባቴን ሳያይ ይመጣል። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሦስት። የአንዳቸውም እጅ ምንም አልያዘም።

ከወንዶቹ ኋላ ሴቶቹ መጡ። በሐሳቤ መንገድ ዳር አቁሜያቸው የነበሩት ግን አንዳቸውም አልነበሩም። ጋሪ የምትገፋዋ፣ ያዘለችው፣ ያቀፈችው ሁሉ ታግታለች። በመንገዱ የመጡት የሚሸከሙት የሌላቸው ብቻ ናቸው። ልጆቻቸው አድገው የሄዱ አሮጊቶች፣ ባሏ የሞተባት የመጻሕፍት ቤት ሠራተኛ፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ።

ልብስ ሰፊዋ ካገባች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እሷና እኔ ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ምኩራብ ውስጥ ዓይን ለዓይን እንጋጠምና ቶሎ ወደ መጽሐፋችን እናቀረቅራለን። ካረገዝኩ ወዲህማ ጭራሽ ወደ እሷ ማየት አቆምኩ። የፈራሁት ምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት እኔም «አይዞሽ» እንዳልላት ነው።

ቤቱ ጢም አለ። ሁለት የኩሽና ወንበር አወጣን፤ አንዱ ለነቢዩ ኤልያስ፣ በእያንዳንዱ ግርዛት ላይ ይገኛል ስለምንል፤ አንዱ ለአባቴ። አባቴ «እኔ አይገባኝም፣ ለሌላ ስጡት» ብሎ ሊያፈገፍግ ሲል፣ ረቢው ነው ትከሻውን ይዞ ያስቀመጠው። «ቁጭ በል አንተ!» አለው፤ እስካሁን እንደተቆጣ ነው። ልጁ አለቀሰ፣ አባቴ ከልጁ ብሶ አለቀሰ፣ ገራዡ «የቱን ነው የገረዝኩት?» አለ። ስሙ ወጣ። እልል ተባለ። ያለን የእራት ትራፊ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ወይን ነበር፤ ለሁሉም በቁንጥር በቁንጥር አደልን።

ሰው ሲሳሳቅ ልጁን ይዤ ወደ ኩሽና ገባሁ። ልብስ ሰፊዋ ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው አታውቅም፤ አንዴ ቀሚሷ ላይ ታሳርፋቸዋለች፣ አንዴ ወደ ኋላ ትወስዳቸዋለች።

«ልያዘው?» አለች። ቶሎ ብላ ደግሞ፣ «ቤት ውስጥ እኮ ይቻላል» አለች፤ ሕጉን የማላውቅ ይመስል።

ዘጠኝ ዓመት ያንን ጥያቄ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ፊቴን ያዩብኛል ብዬ። እሷ ግን ጠየቀችኝ።

ሰጠኋት። አንገቱን ደግፋ፣ ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው። ከኩሽናው ወደ ሳሎን ወሰደችው፤ ከሳሎን ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ውጭው በር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደፉ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ቁልቁል ወደ መንገዱ አየች፣ ዞራ ተመለሰች። እንደገና እስከ በሩ ሄደች። አባቴ ሊቀበላት ብድግ ሲል እጅጌውን ያዝኩት።

ልጁ መነጫነጭ ጀመረ። ወደ እኔ መጣችና፣ «እርቦት ነው መሰለኝ፣ እንኪው» አለች።

«ገና ነው» አልኳት። «ትንሽ ያዢው።»